የጋሼ ፍቅሬ መነኩሴ

ጉልላት የቤቴን ደወል ከመጫኑ በፊት ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር፤ እዚህ ስዊድን የኖርስቦሪ ቤት በር ደግሞ እንደ ወረቀት ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ ትላለህ። «ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም፣ አባ» ይላል። «አባትየው ፈረንጅ፣ ክርስትና አባቱ ፈላስፋ፣ ልጁ ምን ሊሆን ነው? ግድ የለም፣ እኔ አለሁ። ነጠላዬን ይዣለሁ፤ ካስፈለገ ነገ እኔ እቆማለሁ።» ከዚያ ደወሉን ተጫነ። ስከፍትለት ፊቱ ፈክቶ «እንኳን ለአስተርዮ ማርያም በሰላም አደረሰዎት፣ እትዬ አስካለ» አለኝ። እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ፣ ጫማውን አስወልቄ አስገባሁት። ሰው ደጅህ ድረስ መጥቶ ሲያማህ ግባ ትለዋለህ፤ አስተዳደጋችን ይሄ ነው፣ ጨጓራችንም የተላጠው በዚሁ ነው።

ጉልላት የማኅበራችን ሙሴ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ የጽዋ ማኅበር ሰብሳቢ ሙሴ ይባላል፤ እሱ ግን እውነተኛውን ሙሴ ለመሆን በትሩ ብቻ ነው የቀረው። በሥራው የኮሙን ሃንድሌጋሬ ነው፣ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ መርማሪ። ሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ማመልከቻ እያገላበጠ ይሄ ያልፋል፣ ይሄ አያልፍም ሲል ይሰነብታል፤ ቅዳሜና እሑድ ተራው የእኛ ነው። ያን ቀን፣ ጥር ሃያ አንድ፣ ማኅበሩ የሚበላው እኔ ቤት ነበር። በማግሥቱ እሑድ ደግሞ የልጄ የራኬብ ልጅ፣ ኖኅ፣ አርባ ቀኑ ሞልቶ ይጠመቃል። ሁለቱ መግጠማቸውን የእመቤታችን ሥራ ነው ብዬ ስደሰት ከርሜ ነበር። የልጁ አባት ስዊድናዊ ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ «እናንተ እንደፈለጋችሁ» ብሎ ከነገሩ ወጥቷል። አባ ዕንባቆም ይሄን ሲሰሙ ጢማቸውን ይዘው ቆዩና «እንግዲያው ክርስትና አባቱ የጠና ክርስቲያን ይሁን» አሉ። ራኬብ ማንን ብትመርጥ ጥሩ ነው? ወንድሜን። ሙርብሩር ነው የምትለው፣ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው። ሆዷ ሲገፋ ማኅበርተኛው አባቱ ማነው፣ ከየት ነው፣ ተጋባችሁ ወይ እያለ ሲያደርቃት፣ እሱ በየሳምንቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከሁስቢ እየመጣ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አጠገቧ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ይውል ነበር። አሁን ይሄ ነጠላ ተሸካሚ ወንድሜን ከልጁ አጠገብ ሊያነሳው ነው። ደሜ ፈላ።

ጉልላት የማኅበሩን ጽዋ አድርሶ ተመልሶ ሄደ። ወንድሜ ጋሼ ፍቅሬ ረፋዱ ላይ መጣ። ከሰማያዊው ባቡር ወደ ቀዩ ቀይሮ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ጫማው በረዶና ጠጠር ለብሶ፣ አንድ ላስቲክ ክሌመንቲን አንጠልጥሎ። ወንድሜ ፍቅረ ሥላሴ ዶክተር ነው፣ የሚያክም ዶክተር አይደለም እንጂ። ወጣት ሆኖ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደዚህ አገር መጣና አንድ የሞተ መነኩሴ ላይ ተጣበቀ። ሰው ትዳር ይይዛል፣ ጋሼ መነኩሴ ያዘ። ዮሐንስ ዱንስ ስኮተስ ይባላል ሰውየው፣ የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት የነበረ። ሁስቢ ያለውን ቤቱን ብታዩት፣ አልጋውና እሱ ብቻ ናቸው መጽሐፍ ያልሆኑት። እኔ በሄምቸንስት ቤት ለቤት እየዞርኩ የስዊድን ሽማግሌ ሳጥብ ወገቤ ሲቆረጥ፣ እሱ ያ መነኩሴ በአንድ ገጽ ላይ ምን ማለቱ ነው እያለ ክረምት ይገፋል። እንዴት ነሽ ብሎ መጠየቅ አይሆንለትም። ላቲን ግን እንደ ውኃ ነው።

ኩሽና አስገብቼ ነጭ ሽንኩርት እንዲልጥ ሰጠሁት። ለነገው ድግስ የሚሆን የዶሮ ወጥ በሁለት ትልልቅ ድስት ጥጄ ነበር፤ ዶሮው ከፋርስታ ሥጋ ቤት፣ ቅቤው አዲስ አበባ ደርሶ ከመጣ ሰው። ሥጋው እንደሆነ ዋጋው በየሳምንቱ ነው የሚወጣው፣ ሻጩም አብሮ ይወጣል፣ ለሰላምታ እንኳ ቀና አይልም። እሱን እየረገምኩ በመሀል ለነገ የሚለውን አስጠናሁት። «ልጁን ትይዛለህ። ወደ ምዕራብ ዞረህ ሰይጣንን ክጄሃለሁ ትላለህ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረህ አምናለሁ ትላለህ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ስለሱ የምትምለው አንተ ነህ።» «ገብቶኛል» አለ፣ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ እየቆራረጠ። ጉልላት ደረጃው ላይ ያለውን አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ኮቱን ለብሶ ነበር የሚወጣው። በዚያ ፈንታ «ጋሼ፣ ያ መነኩሴህ ስለ እመቤታችን ጽፏል አላልከኝም?» አልኩት።

«የታወቀበት እኮ ነው። በፓሪስ ሊቃውንቱ ሁሉ የአዳም ኃጢአት ነክቷታል ሲሉ፣ አልነካትም ብሎ የተከራከረላት እሱ ነው።»

ማማሰያዬን አስቀመጥኩ። የእኛ ማኅበር እኮ ለዚሁ ነገር አንገቱን ይሰጣል። እመቤታችን ጥንተ አብሶ፣ የአዳም ኃጢአት፣ የለባትም በማለታችን ነው ከወዲያኛው ማኅበር ጋር የተኮራረፍነው፤ ለቅሶ እንኳ አንደራረስም። እንግዲህ ጋሼ ተነስቶ ይሄን ሲያስረዳ ጉልላት ምን አፍ ይኖረዋል? «ዛሬ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ይሄንኑ ትናገራለህ» አልኩት። መጀመሪያ እንቢ አለ። ከዚያ ግን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ዘመድ ስለ መነኩሴው ጠይቆት አያውቅም፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ወገግ አለ። እጁን ጠርጎ ማውራት ጀመረ። የፈረንሳይ ንጉሥና ጳጳሱ ተጣልተው፣ የንጉሡ ሰዎች ገዳሙ ድረስ መጥተው መነኮሳቱን አንድ በአንድ ከማን ጋር ነህ ብለው ጠየቁ አሉ። ከንጉሡ ጋር ነኝ ያለ ትምህርቱን ቀጠለ። አይደለሁም ያለ በሦስት ቀን ከአገር ውጣ ተባለ። ዱንስ አይደለሁም አለ፣ መጽሐፉን ጥሎ ወጣ።

«እሺ ቢል ምን ይጎዳው ነበር?» አልኩ።

«ምንም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ሳቀ። «እንግሊዞችም እንደዚሁ ነው ያሉት። ኋላ ተከታዮቹን ዱንስ፣ ዱንስ እያሉ ሲሰድቡ ቆይተው፣ ዛሬ ለደደብ ተማሪ የሚሉት ቃል ከስሙ የመጣ ነው።»

ራኬብ በዚህ መሀል ኖኅን ይዛ መጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጋሼ ልጅ አያያዝ አያውቅም፤ ክርኑን አሹሎ ደርቆ ቆመ። «መነኩሴው ምን ይላል መሰለሽ» አላት። «ሰው መሆን የሁላችንም ነው። ግን እያንዳንዱ ሰው ይሄኛው የሚያሰኘው የራሱ ነገር አለው። በዚያ ቦታ ሌላ ሰው ማስገባት አይቻልም። አሁን እኔ ሕፃን ሁሉ ደስ ይለኛል? አይለኝም። ይሄኛው ነው።» ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው፤ ያን ጊዜ ግን በየትኛውም አልመለሰችም፣ በሩን ተደግፋ ታየው ነበር። እኔ ድስቴን አማስላለሁ። እውነቱን ለመናገር ቅናት ቢጤ ያዘኝ፤ እኔን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ከቀትር በኋላ ማኅበርተኛው ከነጉልላት ገባ። ሳሎኔ ለስድስት ሰው ነው የተሠራው፤ ከምድር ቤት ወንበር አውጥተን፣ ሶፋውን ግድግዳ አስጠግተን፣ ኮቱን መኝታ ቤት ከምረን ሁሉንም አስቀመጥናቸው። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። መስኮቱ ገና በጊዜ ጠቁሯል። ሰው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጡረታው፣ ስለ ቤት ኪራይ ጭማሪ እያወራ ሳለ ተነሳሁና «ዛሬ ወንድሜ ስለ እመቤታችን አንድ ቃል ይለናል» አልኩ። ጉልላት ቅንድቡን አነሳ። ጋሼ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

እንደዚያ አምሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «አዜብ ባለፈው ሳምንት ጣቢያው ጋ በረዶ አዳልጧት ወድቃ እጇን ሰበረች» ብሎ ጀመረ፤ ሁሉም ዞሮ የአዜብን ጄሶ አየ። «አንድ ሰው መጥቶ አነሳት። አዳናት እንላለን። አሁን ሌላ ሴት አስቡ፤ ሊያዳልጣት ሲል፣ ሳትወድቅ፣ ክንዷን ይዞ ያስቀራት ሰው አለ። ይሄስ አላዳናትም? የበለጠ አዳናት እንጂ። መነኩሴው ያለው ይሄን ነው። ልጇ ሌሎቻችንን ከወደቅን በኋላ አነሳን። እናቱን ግን ሳትወድቅ ያዛት። ይችል ነበር፣ ይገባትም ነበር፣ ስለዚህ አደረገው።» ከዚያ አንዷ እልል ስትል ሁሉም ተቀበላት፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን እስኪደበድብ። ጉልላት ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። እንባዬ መጣ። አበቃ፣ ነገ ወንድሜ ልጁን ይዞ ይቆማል አልኩ በሆዴ።

ነገሩን ያመጣችው አዜብ ናት፣ ክፋት የላትም። ጄሶዋን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኚህ አባት ግን የየት ገዳም ናቸው፣ ዶክተር? የዋልድባ ናቸው የደብረ ሊባኖስ?» አለች። ለካ ሁሉም የእኛ መነኩሴ መስሎት ነው እልል ያለው። ጋሼን በዓይኔ ለመንኩት። ሩቅ ነው ቢል፣ የድሮ አባት ናቸው ቢል፣ ያልፍ ነበር። እሱ ግን የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው፣ ልማዱ ነው። «የፓሪስ፣ የኦክስፎርድም ነበር» አለ። «ፍራንሲስካዊ ነው። ካቶሊክ።»

የሚያኝከው ማኘኩን ተወ። ጉልላት ስልኩን አወጣና ስሙን አስደግሞ ጻፈ፤ ሥዕሉን ሲያገኝ ለሁሉም አዞረው። መሀል አናቱን የተላጨ፣ ወገቡን በገመድ የታጠቀ ሰው። ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሁለቱም አንድ ሥዕል ላይ ተገኙ። «እንግዲህ» አለ ጉልላት ቀስ ብሎ፣ ማመልከቻ ሲጥልም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። «ወዲያኞቹ ካቶሊክ ናችሁ እያሉ ሲሰድቡን ስንት ዓመታችን ነው? ዛሬ ደግሞ ካቶሊኩን ከነፎቶው የእመቤታችን ጽዋ ፊት አምጥተው አስቀመጡልን። ይሄ ነገ ሕፃን ይዞ ሊቆም ነው።» እርስዎ ሲለው የነበረውን ሰው «ይሄ» አለው። ጋሼ «ቃሉን ስትሰሙ እልል አላችሁ፣ ቃሉ የማን እንደሆነ ስትሰሙ ተበላሸ?» አለ። «መርዝ በማር ተለውሶ ነው የሚሰጥ» አለው ጉልላት፤ አንድ ሁለት ሰው አሜን አለ። አሜን ካሉት አንዷ የእኔን ሽሮ ይዛ ልትሄድ ላስቲክ የጠየቀችኝ ናት።

አባ ዕንባቆም ጋ ተደወለ፣ ስልኩ ድምፁ እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ ተቀመጠ። አባ መኪና ላይ ነበሩ፣ የሚበዛው የጎማ ድምፅ ነው። ጉልላት ነገሩን በራሱ አሳምሮ አቀረበ። አባም «ዶክተሩ በማኅበሩ ፊት ሰውየው መናፍቅ ነው ብለው ያውግዙት፣ ይበቃል፣ ነገ ይምጡ። አላወግዝም ካሉ ግን ሌላ ሰው ይቁም፣ አርባው እንዳያልፍ» ብለው ዘጉ። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ሳህኑን አንስቶ ወደ ኩሽና ገባ። ተከትዬው ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ምን ቸገረህ አልኩት። ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፣ አጥንቱም የለም፣ መናፍቅ ብትለው አይሰማህም። እኔ ግን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው፣ ብሞት የሚቀብረኝ እነሱ ናቸው፣ ልጁም መሀላቸው ነው የሚያድገው። አንድ ቃል ናት። ጋሼ ሳህኑን ያጥባል። የታጠበ ሳህን መልሶ ያጥባል። «አርባ ዓመት ያስተማረኝ ሰው ነው፣ አስካለ» አለ። ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ የዛሬ ብቻ አይደለም፣ የከረመው ሁሉ ነው የወጣው። «ዕድሜህን ሙሉ የሞተ ፈረንጅ አቅፈህ ኖረህ፣ ዛሬ አንድ ሕያው ልጅ እቀፍ ብትባል ከበደህ?» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቧንቧውን ዘጋ። እጁን በፎጣ ጠረገ፣ ጣት በጣት፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እኔን ሳያይ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሳሎኑ መሀል ቆመ። ማንንም አላየም፤ መስኮቱን ነበር የሚያየው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ በጨለማው ምክንያት የሚታየው እኛው ነን። «ዮሐንስ ዱንስ የሚባለው መነኩሴ መናፍቅ ነው። አውግዤዋለሁ» አለ። ድምፁ የባቡር ማስታወቂያ ይመስል ነበር። ጉልላት «ከነትምህርቱ ይበሉ» አለ። «ከነትምህርቱ» አለ ጋሼ። እልልታው እንደገና ቀለጠ። አዜብ በደህና እጇ ዓይኗን ጠረገች። ጉልላት ተነስቶ አቀፈው፣ «እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ» እያለ፤ እርስዎታው ተመለሰለት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ደስ አላለኝም። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር፣ ራኬብ ልጁን እያጠባች ሁሉንም ሰምታለች።

ጋሼ ከክምሩ ሥር የተቀበረውን ኮቱን ፈልጎ አወጣ። ብላ እንኳ ብለው አልበላም። ልሸኝህ ብዬ ነጠላዬን ሳልጥል በላዩ ካፖርት ደርቤ ተከተልኩት። ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ መስታወት ሆኖ ነበር፤ ጠጠር የበተኑበት ጥግ ጥጉን ብቻ። አንሸራተተውና ክንዱን ያዝኩ። «ልቀቂኝ» አለ። «ትወድቃለህ።» «ከነትምህርቱ አስባሉኝ» አለ፣ የሰማኝም አይመስል። «ስለ እመቤታችን ያስተማረውንም አብረው አስወገዙኝ። እልል ያሉበትን። አንድ ሰው እንኳ አላስተዋለም።» «ይሁን፣ ነገ ሁሉም ይረሳል» አልኩት። «ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዳትዘገይ።»

የጣቢያው በር ጋ ቆመ፣ ካርዱን በእጁ ይዞ። «ነገ አልመጣም» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አውግዘሃል እኮ፣ አበቃ፣ ተፈቀደ አልኩት። «ለዚያ ነው የማልመጣው» አለ። «ጠዋት ያስጠናሽኝ ምን ነበር? ሕፃኑን ይዤ ስለሱ እምላለሁ። ዛሬ በዚህ አፌ የማላምንበትን ማልኩ፣ የማከብረውን ካድኩ። ነገ በዚሁ አፍ ሰይጣንን ክጄሃለሁ ስል ሰይጣኑ ራሱ ይስቅብኛል።» እኔም «ታዲያ ለምን አወገዝክ?» ብዬ ጮህኩበት፤ አንድ ውሻ የያዘ ስዊድናዊ ዞሮ አየን። «አንቺ ከእነሱ ጋር ስለምትኖሪ» አለ። «ሞኝ አልሽው። እሱ የያዘውን አልለቀቀም። እኔ ለቀቅኩ።» ካርዱን አስነክቶ ገባ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት፣ አያነሳም፤ ከታች የባቡሩ በር ሲዘጋ ተሰማኝ። በራሴ ምላስ ተናደድኩ፣ በእሱ ኩራት ተናደድኩ፣ ስሙን በማላውቀው በዚያ የፈረንሳይ ንጉሥ ሳይቀር ተናደድኩ።

ስመለስ መዝሙር ይዘዋል። ራኬብ ኮሪደሩ ላይ ጫማዎቹ መሀል ልጁን ታቅፋ ቆማ ነበር፣ በዓይኗ ነው የጠየቀችኝ። «አይመጣም» አልኳት። ጉልላት ጆሮው የተሳለ ነው፣ መዝሙሩን አቋርጦ መጣ። ሳልነግረው ገባው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ እትዬ» አለና ቦርሳውን ከፍቶ ነጠላውን አወጣ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በላስቲክ የተሸፈነ። «እኔ አለሁ። አርባው አያልፍም።» እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። ራኬብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ጀርባዋ ግድግዳው ጋ ደረሰ።

«ሃን ኤለር ኢንገን» አለችው በስዊድንኛ። እሱ፣ አለዚያ ማንም።

ጉልላት ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ እናቷ ነኝ፣ አንድ ነገር እንድላት ነው። አርባው ሊያልፍ ነው። አባ ምን ይላሉ፣ ነገ የሚመጣው ሰው ምን ይላል፣ የተከራየሁት አዳራሽስ? ልጄን አየኋት። ጠዋት ወንድሜን ስታይ እንደነበረችው ነበር ልጁን የምታየው። ሳሎን ውስጥ መዝሙሩ አላቆመም፤ የተፈጠረውን የሚያውቅ ሰው ገና የለም። ጉልላት ነጠላውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ኩሽና ገባሁና ለነገው ድግስ የጣድኳቸውን የዶሮ ድስቶች አንድ በአንድ ከእሳት ላይ አወረድኩ።